በመቃብሩ ላይ የቀረጽኩት ፊት

ወደ ትንሿ ከተማችን ወደ ቀየት ተመልሼ ከግንበኛ ጋር ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ድረስ እከናነብ ነበር። ለጠየቀኝ ሁሉ «ብርዱ ነው» እላለሁ። ብርዱም ውሸት አይደለም፤ የመንዝ ጠዋት ውርጭ ሲሚንቶ በነካ እጅ ላይ ሲያርፍ ያስለቅሳል። የተከናነብኩት ግን ለብርዱ አልነበረም። ገበያተኛው ሲያልፍ «ያቺ የቄሱ ልጅ አይደለችም እንዴ? አዲስ አበባ ተምራ የለም?» እንዳይል ነው።

የተማርኩት ቅርጻ ቅርጽ ነው። ከተመረቅኩ በኋላ አዲስ አበባ የሠራሁት ሥራ ሁሉ የእጅ ሥራ ነበር፤ የተማርኩት ሥራ ግን አልነበረም። መጀመሪያ ኬክ ቤት ገባሁ። ከስኳር ጽጌረዳ እሠራለሁ፣ ለሠርግ ኬክ አናት የሚሆኑ ሙሽሮች እቀርጻለሁ። አንድ ቅዳሜ ያስተማሩኝ መምህር የልጃቸውን የልደት ኬክ ሊወስዱ መጡና በመስታወቱ ማዶ አዩኝ። ነጭ ቆብ አድርጌ እስከ ክርኔ ክሬም በክሬም ሆኛለሁ። ፈገግ ብለው «ጎበዝ፣ በርቺ» አሉኝ። ክፉ አልተናገሩም። እኔ ግን ያችን «በርቺ» ይዤ ጓዳ ገባሁና የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከዚያ የጄሶ ኮርኒስ የሚሠራ ሰው ጋ ተቀጠርኩ። በሰው ሳሎን መሰላል ላይ ቆሜ፣ አንገቴን ወደ ላይ አጥፌ፣ አበባና ቅጠል ስለጥፍ እውላለሁ። ለራሴ የምቀርጸው ጭቃ በተከራየኋት ክፍል ጥግ በላስቲክ ተሸፍኖ ይጠብቀኛል። ስገባ እጄ ዝሎ ስለሚሆን ብዙ ጊዜ ሳልነካው እተኛለሁ። ጭቃው ይደርቅና ይሰነጠቃል። እንደገና ዘፍዝፌ አቦካዋለሁ፤ እንደገና ይደርቃል። ክፍሏን ባለቤቶቹ ለዘመዳቸው ፈለጓትና ውጪ ሲሉኝ፣ ሌላ ቤት ከመፈለግ ይልቅ «ለጥቂት ጊዜ ነው» ብዬ ወደ አገሬ ተሳፈርኩ።

አባቴ ከቀየት ወጣ ብላ ባለች አጥቢያ የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። ከመጣሁ ሳምንት ሳይሞላኝ አንድ ጎረቤታችን ሊጠይቁኝ መጡና፣ ቁጭ ብለው ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ «የኔ ልጅ፣ ቤት ልሠራ ነበር፤ እስቲ ፕላን አውጪልኝ» አሉኝ።

«ፕላን አላውቅም እኮ» አልኩ።

«አባትሽ መሐንዲስ ናት ብለውን የለም እንዴ!»

አባቴን ቀና ብዬ ሳያቸው ዳዊታቸውን ገልጠው ማንበብ ጀመሩ። ሰውየው ከሄዱ በኋላ ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ ለምን እንደዚያ አሉ?»

«ታዲያ ምን ልበል?» አሉ ዓይናቸውን ከመጽሐፉ ሳያነሡ። «ልጄ የተቀረጸ ምስል ትሠራለች ልበል? ሥዕል እንኳ ቢሆን ቅዱሳንን ትሥላለች ባልሁ።»

እናቴ ከጓዳ «ተዋት፣ ልጅቱ ገና ከመንገድ መግባቷ ነው» አለች። ነገሩ እዚያ ላይ ቀረ። እኔም ከዚያ ወዲያ መሐንዲስ አይደለሁም ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ሰው «ሥራ እስክታገኝ ነው?» ሲለኝ «አዎ» እላለሁ።

ግንበኛውን ያገኘሁት ሱቅ ሲሠራ ነው። አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ወሬ የማይወድ ሰው ነበር። ቆሜ የልስኑን ሥራ ሳይ ዋልኩና «ጋሼ፣ ሰው ትፈልጋለህ?» አልኩት። እላይ የነበሩት ሠራተኞች ሳቁ። ሴት ባሬላ ትሸከማለች፣ አሸዋ ታመላልሳለች እንጂ የልስን ማንኪያ ይዛ አትለስንም። እሱ አልሳቀም። ማንኪያውን አቀበለኝና «እስቲ ይችን ጥግ» አለኝ። ለሰንኩለት። መዳፉን ግድግዳው ላይ ወደ ላይ ወደ ታች አንሸራተተና «ነገ ነይ» አለ።

ለአባቴ ስነግራቸው «አዲስ አበባ ያን ያህል ዓመት የተማርሽው ልስን ነው?» አሉ። የዚያን ጊዜ ከመሰደብ ይልቅ የከበደኝ፣ የጠየቁኝ ነገር እኔም ራሴን የምጠይቀው መሆኑ ነበር።

እንዲህ ስንሠራ ቆይተን ነው የመቃብሩ ሥራ የመጣው። በአባቴ አጥቢያ አንድ አዛውንት ገበሬ አርፈው ሙት ዓመታቸው ተቃርቧል። የመጀመሪያ ልጃቸው ደብረ ብርሃን የሚነግድ፣ የደህና መኪና ባለቤት ሰው ነው። ለአባቱ በአገሩ ያልታየ መቃብር ማሠራት ፈለገ። ለግንበኛው «ፎቶውን በመስታወት አድርገን እናስገባበታለን» ሲለው፣ ያ ወሬ የማይወድ ሰው «ፎቶ ፀሐይ ይበላዋል። ይቺ ልጅ መልኩን በሲሚንቶ ልታወጣልህ ትችላለች» አለው። ፊት መቅረጼን ማወቁን እኔ አላውቅም ነበር። በምሳ ሰዓት በተረፈ ሲሚንቶ የሠራኋቸውን ትንንሽ ፊቶች ከአሸዋው ክምር ኋላ ስጥላቸው አይቷል ማለት ነው።

ልጁ ከአባቱ መታወቂያ የወጣ ጉርድ ፎቶ ሰጠኝ። በፎቶው ላይ አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ ጎን መለስ አድርገዋል፤ ግራ ዓይናቸው ጥላ ውስጥ ነው። እኔ ግን ፎቶ አላስፈለገኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ጎረምሳ ሳሉ በሬ በቀንዱ ግራ ዓይናቸውን መትቷቸው፣ የዓይኑ ቆብ ወደ ታች ተንጠልጥሎ የቀረ ሰው ነበሩ። ሲስቁ ያ ዓይን ጨርሶ ይዘጋና ሌላኛው ብቻ ያበራል። ሰንበቴ ላይ ልጆችን ሰብስበው ሲቀልዱ የምናየው ያንን ፊት ነበር።

በግንበኛው ግቢ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በአንድ ሰፊ የሲሚንቶ ጠፍጣፋ ላይ ሠራሁት። ከምረቃዬ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የግንባራቸውን እጥፋት፣ በአንገታቸው ዙሪያ የተጠመጠመውን ጋቢ፣ የተንጠለጠለውን የዓይን ቆብ በመሮና በጣቴ አወጣሁ። ግንበኛው እያለፈ ቆም ይልና ያይ ነበር፤ አንድ ቀን «ሊናገሩ ነው የመሰለኝ» አለ። ያን ሰሞን ነጠላዬን አልተከናነብኩም።

ልጁ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሊያየው መጣ። ጆንያውን ገልጬ ዞር አልኩ፣ ፊቱን እንዳላይ አፍሬ። ከጓደኞቹ አንዱ «ዓይናቸው እንዲህ ነበር እንዴ?» ሲል ሰማሁ።

«ማነው ይሄን አድርጊ ያለሽ?» አለኝ ልጁ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«እንዲህ ነበሩ ብዬ ነው። ሲስቁ . . .»

«እኔ አባቴ እንዴት እንደነበረ ከአንቺ ልማር?» አለ። ጓደኞቹን ወደ መኪናው ላካቸውና ወደ እኔ ጠጋ አለ። «በዚህ ዓይን የዕውሩ ልጅ እየተባልኩ ነው ያደግሁ። ትምህርት ቤት በስሜ የጠራኝ የለም። ሞቶ ደግሞ ይኸንን ድንጋይ ላይ ልታቆሚልኝ ነው? ሰው ሁሉ እንዲስቅበት?»

ደንግጬ «አላወቅኩም ነበር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ።

«አስተካክይው። እንደ ሌላኛው ዓይን ይሁን።»

ሲሄድ ግንበኛውን ቀና ብዬ ማየት ተሳነኝ። ሥራውን ያመጣው በእኔ አምኖ ነው። እሱም ማንኪያውን እያጠበ «ባለቤቱ የፈለገውን እንሠራለን» ብቻ አለ። ለልስንም፣ ለአጥርም፣ ለሽንት ቤትም የሚላት ቃል ናት። ልክም ነበር። ልጁም በራሱ በኩል ልክ ነበር። እኔ ያየሁት የሚስቅ ሽማግሌ፤ እሱ የሚያየው የተሰደበበትን ነገር። የዓይኑን ቆብ በመሮ ፈቅፍቄ አዲስ ሲሚንቶ ለጠፍኩበትና እንደ ቀኙ የተከፈተ፣ ክብ፣ የሚያፈጥ ዓይን ሠራሁ። ኬክ ቤት ሳለሁ ደንበኛ «የሙሽራዋ አፍንጫ ይነስ» ሲል እንደማሳንሰው አድርጌ ጨረስኩት። ያሳፈረኝ እሱ ነው፤ እንዲያ ቀላል መሆኑ።

ሙት ዓመቱ የዋለው እሑድ ነበር። ጠፍጣፋውን ዋዜማውን በመቃብሩ ራስጌ ተክለን፣ በጆንያ ሸፍነን ሄድን። ልጁ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ጨርሻለሁ» ብሎናል፤ ያስፈቀደው ግን መቃብር መሥራትን እንጂ ፊት ማቆምን አልነበረም። እኔም ለአባቴ መቃብር እየሠራን ነው ከማለት ሌላ አልነገርኳቸው፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ስለ ሥራዬ በቤታችን ብዙ አይወራም ነበር።

ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ ጆንያው ተነሣ። ሴቶቹ መካከል ቆሜ አያለሁ። የሟቹ ሚስት በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ቀረቡ። ብዙ ዓመት በጭስ ቤት የኖረ ዓይናቸው ስለደከመ ጠጋ ብለው በእጃቸው ነው ያዩት። ግንባሩን ዳሰሱ፣ ጋቢውን ዳሰሱ፣ ግራ ዓይን ላይ ደርሰው እጃቸውን አቆሙ። ወደ ልጃቸው ዞሩና «ዓይኑ ዳነ እንዴ?» አሉ።

ማሾፋቸው አልነበረም። እውነት መስሏቸው እንደሆነም አላውቅም። ልጃቸው «እማዬ፣ እንዲያ ያምራል ብለን ነው» አላቸው። እሳቸውም «እህ» አሉና እጃቸውን ወደ ነጠላቸው መለሱ። ወደ ኋላ ልሸሽ ስል ግን የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ድምፅ ተሰማ፦

«ይህ ነገር በማን ፈቃድ ነው እዚህ የቆመው?»

ሰው ወደ ዐውደ ምሕረቱ ተሰበሰበ። አንዱ «ምን አለበት፣ ፎቶ እየተደረገ የለም?» አለ። ሌላው «ፎቶና የተቀረጸ ምስል አንድ ነው?» አለ። ልጁ ላቡን እየጠረገ «አባቴን እንጂ ጣዖት አላቆምሁ!» ብሎ ጮኸ። አንድ አሮጊት በግራዬ «ማን ነው የሠራው?» ስትል፣ ከኋላዋ ያለችው «ከከተማ የመጣ ሰው ይሆናል» አለቻት። እኔ ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩ። ሊቀ መንበሩ ወደ ካህናቱ ዞረው ውሳኔ ጠየቁ። ካህናቱም አባቴ እንዲናገሩ ወደ እሳቸው ተመለከቱ፤ በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው።

አባቴ መስቀላቸውን በደረታቸው ይዘው ወጣ አሉ።

«ሥርዓቱ የታወቀ ነው» አሉ። «በዚህ ቅጥር የተቀረጸ ምስል አይቆምም። መቃብሩ ይቆያል፣ ፊቱ ይነሣል።»

ያበቁ መስሎኝ ነበር። ቀጠሉ።

«የሠራችው ልጄ ናት። መሐንዲስ ናት እያልሁ ስነግራችሁ ከርሜያለሁ፤ ውሸት ነው። የተማረችው ይኸን የምታዩትን ነው። አሁን ደግሞ ቀየት ላይ በሰው ቤት ልስን ትለስናለች። ሥርዓቱን እያወቅሁ ምን እየሠራሽ ነው ብዬ ያልጠየቅሁ እኔ ነኝ። የሚወቀስ ካለ እኔን ውቀሱኝ።»

የዚያን ያህል ሰው ባንድ ጊዜ ዞሮ አይቶኝ አያውቅም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባቴ በሰው ፊት የኔን ሥራ በስሙ ሲጠሩት ያ የመጀመሪያቸው ነበር፤ የጠሩትም ይነሣ ብለው ነው። ልቆጣ ይሁን ላመሰግን አላወቅኩም። ሊቀ መንበሩም ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ . . . ተወስኗል» አሉና ሰው ወደ ዝክሩ መሄድ ጀመረ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን። የገብሱን ማሳ አልፈን ኮረብታውን ስንወጣ ቆሙና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«አፈርሽ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እኔም» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ያ ዓይን ግን ለምን ተከፈተ? እሳቸው እንደሆኑ አንድ ዓይናቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው . . .»

«ልጃቸው ነው ያለኝ።»

«እሺ አልሽ?»

«እሺ አልኩ።»

ራሳቸውን ነቅንቀው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ጥያቄ ይልቅ በዐውደ ምሕረቱ የተናገሩት የቀለለ መሰለኝ። ምስሉን ማቆሜ «ሥርዓት አታውቅም» ተብሎ ይታለፋል። ያወቅኩትን ፊት ግን እያወቅኩ ሌላ ሰው ማድረጌን አባቴ፣ ያን ሥራ የማይወዱት ሰው፣ ባንድ እይታ አይተውታል።

ማክሰኞ ከግንበኛው ጋር ሄደን ጠፍጣፋውን ከመቃብሩ ነቅለን በቦታው መስቀል ያለበት ልሙጥ ድንጋይ ተከልን። ልጁ ወደ ደብረ ብርሃን ሄዷል፤ «የትም ጣሉት» የሚል መልእክት ነው የተወልን። ልንጭነው ስንል የሟቹ ሚስት ከቅጥሩ በር ብቅ አሉ።

«ወዴት ልትወስዱት ነው?»

ግንበኛው ወደ እኔ አየ።

«ወደ ቤቴ አምጡት» አሉ ሴትዮዋ። «በደጅማ አይጣልም።»

በባሬላ ተሸክመን ቤታቸው አደረስነውና ከምድጃው ጎን ካለው የእህል ጎታ አጠገብ ግድግዳውን አስደገፍነው። ግንበኛው ወጣ። ልከተለው ስል እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ይኸን ዓይን እንደ ነበረው ታደርጊልኛለሽ?»

«የቻልኩትን አደርጋለሁ እማማ» አልኩ። ደስ አለኝ ማለት ይቻላል። የተሳሳተው የሚታረም መስሎኝ፣ መሮና መዶሻዬን አምጥቼ በቀስታ መፈልፈል ጀመርኩ። የለጠፍኩት ሲሚንቶ ግን ከሥሩ ጋር ተጣብቆ ድንጋይ ሆኗል። ትንሽ ጠንከር አድርጌ ስመታው ከዓይኑ ሥር እስከ ጉንጩ ድረስ ተገምሶ ወደቀ። ወለሉ ላይ ያለውን ቁራጭ አንሥቼ ልገጥመው ሞከርኩ። አልገጠመም። በእጄ ተፈረካከሰ።

ሴትዮዋ ድምፁን ሰምተው መጡ።

«አበላሸሁት» አልኩ። «እማማ፣ ጨርሶ አበላሸሁት። ሌላ ልሥራልዎት፣ ከመጀመሪያው።»

ጎንበስ ብለው ዳሰሱት። ጣታቸው የተገመሰው ቦታ ውስጥ ገባና ቆየ።

«ይኸም እሱ አይደለም» አሉ። «የፊተኛውም አልነበረ። የተመታ ዓይን ግን ነው። ተይው፣ ይበቃል።»

«ሌላ እሠራለሁ እኮ።»

«ይበቃል አልሁሽ። ነይ እጅሽን ታጠቢ፤ ቆሎ አለ።»

ውሃ አፈሰሱልኝ። ቆሎውን በሰፌድ አቀረቡልኝና ከፊቴ ተቀምጠው ስለ ገብሱ፣ ዘንድሮ ስለጠፋው ዝናብ፣ ስለታመመችባቸው በግ አጫወቱኝ። አንድም ጊዜ ስለ ድንጋዩ አላነሡም። እኔ ቆሎውን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ቀና ሳልል በላሁ። ባልወቀሱኝ ቁጥር ባሰብኝ። ቢቆጡኝ፣ ይህን ተምረሽ ነው የመጣሽው ቢሉኝ፣ ቢያንስ የምመልሰው ይቅርታ ነበረኝ።

አሁንም ከግንበኛው ጋር ነው የምሠራው። ነጠላዬን መከናነብ ትቻለሁ፤ ማን እንደሆንኩ ሁሉም ካወቀ ወዲያ ምን ይጠቅመኛል። ገበያተኛው «የቄሱ ልጅ፣ በርቺ» ይለኛል፣ እኔም «አሜን» እላለሁ። ፊት ሥሪልኝ ያለ ግን የለም፤ ቢመጣም እሺ እንደምል እርግጠኛ አይደለሁም። አልፎ አልፎ በዚያ በኩል ሥራ ሲኖረን ሴትዮዋን ልጠይቃቸው ጎራ እላለሁ። «ወዲህ ግቢ፣ እዚህ ጎታው ጋ ይሞቃል» ይሉኛል። እኔ ግን ቱታዬ ቆሻሻ ነው እያልኩ፣ ከእሳቱም ከዚያ ፊትም ርቄ፣ በሩ አጠገብ መደቡ ላይ እቀመጣለሁ።